እማማ ዘነበች የተናገሩበት ካርድ

ዓርብ፣ ጥር 15

መጡ! ሁለቱም መጡ! አለቃዬ ጋሽ ኤርሚያስ ካርቶኑን የስቱዲዮው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ እጄን ልሰድ ስል "ቀስ፣ አንቺ ልጅ!" ብሎ ገሠጸኝ። እሱ ራሱ ግን ካርቶኑን ሲከፍት መቀሱን ሁለቴ ጥሎታል። ካሜራዎቹ ያገለገሉ ናቸው፣ ይሁን። እውነተኛ የባለሙያ ካሜራ ናቸው! ሆሳዕና ውስጥ እንዲህ ያለ ካሜራ ያለን እኛ ብቻ ነን ብዬ ለታምራት ነገርኩት። ታምራት አብሮኝ የሚሠራ ካሜራማን ነው፤ የሰው ደስታ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መቸለስ ይወዳል። "ሌላም አለ" አለኝ። የት እንዳለ ግን መናገር አልቻለም።

እያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ካርድ ይጎርሳል። አንዱ ሲሞላ ቀረጻው ሳይቋረጥ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ልክ ቀለበት ሲደረግ "ካርድ ሞላ!" እያልን ስንራወጥ ለኖርነው ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋናው ዜና ደግሞ ይኸውና፦ ከነገ ጀምሮ የቀረጻው ኃላፊ እኔ ነኝ። ካርድ እቀበላለሁ፣ ላፕቶፕ ላይ እገለብጣለሁ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ሁለተኛ ቅጂ አስቀምጣለሁ። እኔ ካልፈቀድኩ ማንም ካርድ ፎርማት አያደርግም፣ ማለትም አያጠፋም። ለእናቴ ስነግራት "ታዲያ ካሜራውን የሚይዘው ማነው?" አለችኝ። አልገባትም። ካሜራውንማ ማንም ይይዘዋል።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ደክሞኛል፣ ደስ ብሎኛል፣ ፀጉሬ ውስጥ ሳይቀር የሀቢቾ መንደር አቧራ አለ።

የመሠረት ሠርግ ነበር፤ ሙሽራው የፎንቆ ልጅ ነው። ታምራት አንዱን ካሜራ፣ ጋሽ ኤርሚያስ ሌላውን ይዘው ነበር። እኔ መኪና ውስጥ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሚኒስትር ተቀምጬ ካርድ እቀበላለሁ። ቀረጻውን ያዘዘው የመሠረት ወንድም ማቴዎስ ነው። ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው፤ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው መምጣት አልቻለም። "ጥሩ ካሜራ ይሁን፣ ያለሁ ያህል እንዲሰማኝ" ብሎ ነበር።

ሊመሽ ሲል መሠረት ከነቬሎዋ እየሮጠች ወደ መኪናው መጣች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። "እማዬ ለማቴ ተናገረች! ካሜራ ፊት!" አለችኝ። ነገሩን የነገረችኝ እየተንተባተበች ነው። ማቴዎስ የሄደው በሌሊት፣ ሳይሰናበት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቱ እማማ ዘነበች ስልኩን አንስተው አያውቁም። እሱ ሲደውል ተነሥተው ወደ ጓሮ ይወጣሉ፣ እንሰቱ ውስጥ ሥራ ያላቸው ይመስል። ዛሬ ግን ራሳቸው ጋሽ ኤርሚያስን ከቤት ኋላ ጠርተው፣ በርጩማ አስመጥተው፣ በቋንቋቸው በሀዲይሳ ተናገሩ። ሲጨርሱ "አንዴ ብያለሁ፤ አልደግመውም" ብለው ተነሡ። ጋሽ ኤርሚያስ ካርዱን ሲሰጠኝ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ዛሬ ዝግጅት ሳይሆን እውነተኛ ነገር ልገለብጥ ነው አልኩ ለራሴ።

ከካሜራዎቹ ጋር የመጡት ካርዶች ላይ የቀድሞው ባለቤት የቀረጸው ብዙ ነገር አለ። እሱን ሁሉ እየገለበጥኩ ጊዜ ከማጠፋ ፕሮግራሙን "የዛሬን ብቻ አምጣ" አልኩት። ብልህ ነኝ! ሁሉንም ጨርሼ፣ ሁለት ሁለት ቅጂ ይዤ፣ "ፎርማት ይደረግ!" አልኩ። ድምፄ ራሱ የኃላፊ ድምፅ ሆኗል።

እሑድ፣ ጥር 17

የትናንቷ ኃላፊ ዛሬ ጉድ ሆናለች።

ጠዋት መሠረት ከፎንቆ ደወለች። "የእማዬን ብቻ ቀድመሽ ላኪልኝ፣ ማቴ እየጠበቀ ነው።" በደስታ ከፈትኩ። የለም። ሃርድ ዲስኩን አየሁ። የለም። የታምራት ቀረጻ ሙሉ ነው፤ የጋሽ ኤርሚያስ ግን ከሰዓት በኋላ ድንገት ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ታምራትን ጠራሁት። "ካርዱ ላይ ይኖራል" አለ እንደ ልማዱ ተረጋግቶ። ካርዱ የት አለ? ጋሽ ኤርሚያስ ጋ። ጋሽ ኤርሚያስ የት አለ? ሀደሮ፣ የመዘምራን ምረቃ ሊቀርጽ ሄዷል። ስልኩ? ዝግ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ይዘጋዋል፣ እግዜር ይስጠው።

ባዶ ካርድ ኪሴ ከትቼ ሚኒባስ ተራ ሮጥኩ። ሾፌሩ በየመንደሩ ሰው ሲጭን ሲያወርድ መሪውን ልቀማው ምንም አልቀረኝ። ዱራሜ ላይ መኪና ቀየርኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ አልደግመውም ብለዋል።

ስደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ሰው በመስኮት ሳይቀር ቆሟል። ጋሽ ኤርሚያስ ከፊት፣ መድረኩ ሥር። ከኋላ ሁለት እጄን አንሥቼ አወዛወዝኩ። ጮህኩም፣ ግን ዘማሪዎቹ በለጡኝ። አጠገቤ ያሉት እናት መንፈስ የነካኝ መስሏቸው "አሜን! ተባረኪ!" ብለው አብረውኝ እጃቸውን አነሡ። ከኋላችን ያለው ረድፍም ተከተለ። ጋሽ ኤርሚያስ ካሜራውን ዞር አድርጎ ቀረጸን!

በሰው መሀል ተሽሎክልኬ ደረስኩ። ጆሮው ላይ "የትናንቱ ካርድ!" አልኩት። "ጠዋት ፎርማት አድርጌዋለሁ፤ አንቺ አይደለሽ እንዴ የፈቀድሽው?" አለኝ። ዓለም ጨለመብኝ። ግን የካሜራውን ስክሪን ሳይ ካርዱ ሁለተኛው ማስገቢያ ውስጥ ነው፣ ቀረጻው ገና አንደኛው ላይ። እሱም ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ፎርማት የተደረገ ካርድ አዲስ ነገር ካልተጻፈበት የድሮው ሊወጣ ይችላል። አውጥቼ በምትኩ ባዶውን ከተትኩ። ዘማሪዎቹ "ሃሌ ሉያ" ሲሉ እኔም ከልቤ አልኩ።

ሰኞ፣ ጥር 18

የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም ከፍቼ ካርዱን ሰጠሁት። አንዲት መስመር በዝግታ ትሄዳለች። ጋሽ ኤርሚያስ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መሠረት ስትደውል "እየሠራሁበት ነው" አልኳት። ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም።

ፋይሎቹ መውጣት ጀመሩ። የማናውቀው ሕፃን ልደት። የማናውቀው ሰው ምርቃት። የአንድ ሰው ጫማ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ የእንሰት ቅጠል መጣ። ነጠላ መጣ። በርጩማ ላይ እማማ ዘነበች!

ጮህኩ። ታምራት እንኳ "እሰይ" አለ፣ ታምራት!

እስከ መጨረሻው መውጣቱን ለማረጋገጥ አዳመጥኩት። በአማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላሉ፦ "ማቴ፣ ያን ሌሊት እናቴ ተኝታለች ብለህ ወጣህ። አልተኛሁም ነበር። ጫማህን በእጅህ ይዘህ በአጠገቤ ስታልፍ አይቼሃለሁ። ብጠራህ ትቀር ነበር። ብትቀር ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ አስቀረችኝ ትል ነበር። ዝም አልኩ። ስልክህን የማላነሣው ተቀይሜህ አይደለም። ድምፅህን ከሰማሁ ና እላለሁ ብዬ ነው።"

ጋሽ ኤርሚያስ ወጥቶ ደጅ ቆመ። እኔ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ጥፋቱ ተገኘ! ከካርዱ የወጣውን ፋይል ዝርዝር ሳይ የተቀረጸበት ቀን ይላል፦ 2018፣ አምስተኛ ወር፣ ቀን 16። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው፣ ጥር 16። ለኮምፒውተሩ ግን ዓመታት ያለፉት የፈረንጅ ግንቦት ነው። "የዛሬን ብቻ አምጣ" ስለው የቀድሞው ባለቤት ቀረጻ መስሎት ዘለለው።

ጋሽ ኤርሚያስን ጠየቅሁት። "ባትሪ ስቀይር ካሜራው ቀን ስንት ነው አለኝ፣ ነገርኩት" አለ። "ትክክለኛውን ነው የነገርኩት" ብሎ ተከራከረኝ! ከዚያ መሳቅ ጀመርን፣ ሆዳችንን እስኪያመን። እሱ በቀኑ፣ እኔ በብልጠቴ። ከእንግዲህ ካርዱ እንዳለ ይገለበጣል፣ ተከፍቶ ይታያል፣ ፎርማት ከዚያ በኋላ ነው። የካሜራውን ቀን የምሞላውም እኔ ነኝ፣ በፈረንጅ።

ቅጂውን ለመሠረት በቴሌግራም ላክሁ። ኔትወርኩ እየቆመ እየተነሣ ደረሰ። እሷም ለማቴዎስ አስተላለፈችው። አይቶታል አለችኝ። መልስ ግን የለም። ከሰዓት በኋላም የለም። ስልኬን ደቂቃ በደቂቃ አያለሁ፣ መልሱን የሚልከው ለእኔ ይመስል። ባይሰማው ይሻል ነበር እንዴ?

ረቡዕ፣ ጥር 20

የመሠረት የመልስ ድግስ ስለነበር ከታምራት ጋር ሀቢቾ ሄድን። ሙሽሮቹ ተቀምጠዋል፣ ሰው ይበላል፣ ታምራት ይቀርጻል። ከማቴዎስ አሁንም ድምፅ የለም። እማማ ዘነበች እንግዳ ያስተናግዳሉ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

የመሠረት ስልክ ጠራ። ስታየው ቀጥ አለች። "ማቴ ነው" አለች። የሚበላው ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። እማማ ዘነበች እንደ ልማዳቸው ተነሡ፣ ወደ ጓሮ በር ሄዱ፣ እጀታውን ያዙ። ከዚያ ተመለሱና እጃቸውን ዘረጉ።

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ሳይሆን ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት። ከወዲያ ቃል የለም፤ የትልቅ ሰው ለቅሶ ብቻ፣ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ረጅም ጊዜ አዳመጡት። ከዚያ በሀዲይሳ፣ ቀስ ብለው "አልቅስ፤ ስልኩን አልዘጋም" አሉት።

መሠረት ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን በእጇ ጠቆመችኝ። ሮጬ ከመኪናው ፓወር ባንክ አመጣሁላቸው።