ወንዙን ጸጥ ያሰኙት እትዬ ጆሮ

ወዳጆቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው የነበራችሁ ሁሉ፣ የቆማችሁ እስቲ ቦታ ፈልጉና አረፍ በሉ። አረጋውያን ወደ ፊት ይምጡ፤ ልጆች ተጠጋጉላቸው። የምንወስዳችሁ ሩቅ አይደለም፤ የአንዲት ሴት ዕድሜ ያህል ብቻ ነው። ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያዳምጡ ኖረዋል። አንድ ቀን ደግሞ እኛ እናዳምጥላቸው።

እትዬ ጆሮ ከባቡር ጣቢያ ደወል ደዋይ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ታኅሣሥ 14 ቀን 1937 ዓ.ም. ከጣቢያው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያለው ሳህን ይንጫጫ ስለነበር በዚያ ቤት የተጀመረ ወሬ ሁሉ መሃሉ ላይ ይቋረጣል። ሌሎቹ ልጆች ወሬውን ረስተው ወደ ጨዋታቸው ሲሮጡ እሳቸው ግን ባቡሩ እስኪያልፍ ቁጭ ብለው ይጠብቁና «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። እናታቸው ይቺ ልጅ የጀመርኩትን ካልጨረስኩላት ልብስ አታሳጥበኝም እያሉ ለጎረቤት ያማርሩ ነበር። ማማረር ይባል እንጂ ደስታም ነበረበት።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1956 ዓ.ም. አጠናቅቀው አንድ ዓመት የጽሕፈት መኪና ተማሩ። በ1958 ዓ.ም. የቃል ግጥምና ተረት በቴፕ ተቀድቶ ወደ ወረቀት በሚገለበጥበት ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። ክፍላቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። መስኮቱ ቀለም ተቀብቶ ስለተጣበቀ አይከፈትም፤ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣራ በእርሳስ የተጻፈባቸው የቴፕ ካርቶኖች ተደርድረውበታል። እሳቸው ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ይውላሉ። የጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ ሦስት ጊዜ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ ይቺ ሴት ጆሮዋን አከራይታዋለች አለ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው ጆሮ ሆኖ ቀረ፤ «እትዬ» የሚለውን ዕድሜ ጨመረላቸው። ወላጆቻቸው ባወጡላቸው ስም የጠራቸውን ሰው ዘወር ብለው አያዩትም ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ወደ ገጠር እየሄደ የሚቀዳው ባለሙያ ሲታመም በእሱ ቦታ ተላኩ፤ ከዚያም በኋላ ከዚህ ሥራ አልተመለሱም። የዚያን ጊዜው መቅረጫ እንደ ጤነኛ ሕፃን ይከብዳል፤ አዝለውት ነበር የሚሄዱት። በየመንገዱ ሲበላሽባቸው የሚወስዱት አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነበር። ጠጋኙ ሦስት ጊዜ ጠግነው ሦስቱንም ጊዜ አንዲት ብሎን ሳያጠብቁ እንደ መለሱላቸው የተናዘዙት ከሠርጉ በኋላ ነው። በ1962 ዓ.ም. ተጋብተው ነርሷን፣ ሾፌሩንና የመጨረሻ ልጃቸውን መምህርቷን ወለዱ። እትዬ ጆሮ በማታው ክፍል ተምረው በ1972 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ ደግሞ የቃል ግጥም አሰባሰብን ለወጣቶች አስተምረዋል።

አሁን እሳቸው ራሳቸው በዚህ ቀን እንዲነገር ወዳዘዙት ነገር እንምጣ።

በ1965 ዓ.ም. በአንድ ወንዝ ዳር የውኃ ወፍጮ የሚጠብቁ ሽማግሌ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን በጦርነት የተለያዩ የሁለት ወንድማማቾችን ረጅም የጀግንነት ግጥም አንድ ስንኝ ሳያጎድሉ በቃላቸው ያወርዱታል። ግጥሙ በአንድ ቀን አያልቅም። ከሽማግሌው በቀር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች አስቀድመው ስለሞቱ እሳቸው ካለፉ ግጥሙም አብሯቸው ሊቀበር ነው። እትዬ ጆሮ ወፍጮው በሚያርፍባቸው ሦስት እሑዶች እየተመላለሱ፣ መቅረጫውን የዱቄት ጆንያ ላይ አስቀምጠው ቀዱላቸው።

እንግዲህ ያን ጊዜ ቴፕ አንዱ ወገኑ ሲያልቅ በእጅ መገልበጥ አለበት። ግጥም የሚያወርድ ሰው ደግሞ ለቴፕ ብሎ አይቆምም። በሦስተኛው እሑድ ሁለቱ ወንድማማቾች ከብዙ ዓመት በኋላ ከወንዝ ወዲህና ወዲያ ቆመው ሲተዋወቁ፣ ማለትም የግጥሙ ልብ ላይ ሲደረስ፣ ቴፑ አለቀና ጠፍ ጠፍ ማለት ጀመረ። እትዬ ጆሮ ተጣድፈው ገልብጠው ሲያስነሱት ወንድማማቾቹ ተሻግረው፣ ተቃቅፈው፣ አልቅሰው ጨርሰዋል።

ያቺን ቦታ ብቻ ይድገሙልኝ ብለው ለመኗቸው። ሽማግሌው ግን ከመሃል መጀመር አይሆንላቸውም፤ ከመነሻው ካልተነሱ ቃሉ አይመጣላቸውም። ባዶ ቴፕም አልተረፈም። ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጣጠሩ። በዚያው ሳምንት ሽማግሌው ደረታቸውን ታመሙና ያ ትልቁ ድምፃቸው ተዘጋ።

እትዬ ጆሮ ድምፁ ይመለስ እንደሆነ ብለው ሦስት ዓመት ጠበቁ። በ1968 ዓ.ም. የጽሕፈት ቤቱ አለቃ መሃሉ የተቦደሰ መጽሐፍ አላሳትምም፣ ወይ ሙሉውን አምጪ ወይ መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ አሏቸው። ያን ሁሉ ግጥም አቧራ ሲበላው ከማይ ብለው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው አሥራ አራት ስንኝ ከራሳቸው ገጠሙ። ምልክት አላደረጉበትም፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ከአሥራ አራቱ ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦

ማዶ ለማዶ ቆመው ሲተያዩ ሁለቱ፣
ውኃው ድምፁን አጥፍቶ ጸጥ አለ ጅረቱ።

መጽሐፉ ታተመ፤ ተወደደ። የተማሪ ቤት ልጆች በቃላቸው ያዙት፤ ከሁሉ የሚበልጡ የሚሏቸው ስንኞችም እነዚያኑ ሆኑ። ለሽማግሌው አንድ ቅጂ በፖስታ ላኩላቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በእጃቸው ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ይሉኝታ እግራቸውን ያዘው። ዛሬ ነገ ሲሉ ሽማግሌው ማረፋቸውን ሰሙ። የራሳቸው ቤተሰብ መጽሐፉን አንብቢልን ሲላቸው እዚያች ገጽ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ትን ይላቸዋል። ልጆቹ «እማዬ ወንዙ ጋ ደረሰች፣ ውኃ አምጡላት» እያሉ ይስቁ ነበር። ምን እንደሚያንቃቸው ማንም አላወቀም።

በ1987 ዓ.ም. ነገሩ ባሰ። እሳቸው ያስተማሩት አንድ ወጣት ምሁር ስለ ግጥሙ ጥናት አቀረበ። የወንዙ ጸጥታ የጥንት ሰው እምነት ቅሪት ነው፣ እነዚያ አሥራ አራት ስንኞችም ከግጥሙ ሁሉ ዕድሜ ጠገቦቹ ናቸው ብሎ ዘጠና ገጽ ጻፈ። በአዳራሹ ፊት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይህን ያቆዩልን መምህሬ ናቸው ሲል ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። እትዬ ጆሮም አጨበጨቡ። ምን ያድርጉ፣ እጃቸው ብቻውን ጭናቸው ላይ ቢቀር ያስጠይቃል። ቤት ገብተው እህል አልቀመሱም። ለባለቤታቸው ብቻ ሁሉንም ነገሯቸው። ጠጋኙ ባለቤታቸው ክዳኑ ያልተከፈተ ሬዲዮ አይጠገንም ብለው መከሯቸው። ምክሩን ሰሙ እንጂ አልሠሩበትም። እኔ ከሰው አፍ የተረከብኩትን አደራ በራሴ ቃል በርዤዋለሁ የሚለው ሐሳብ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ተቀመጠ።

በ2013 ዓ.ም. ኩላሊታቸው መታመሙን ሐኪም ሲነግራቸው ያሰቡት መድኃኒቱን አልነበረም። ሾፌሩን ልጃቸውን ወደ ወፍጮው ውሰደኝ አሉት። ወፍጮው ፈርሶ ኖሯል፤ የሽማግሌው ልጅ ግን በአንዲት ትንሽ ከተማ የጨርቅ ሱቆች መሃል ልብስ ትሰፋለች። አባቷ ድምፃቸው ከተዘጋ በኋላ ጥቂት በጥቂት በሹክሹክታ ያስተማሯትን ግጥም ወርሳ የምታወርደውም እሷው ናት። እትዬ ጆሮ ከደጁ ጀምረው፣ ሰላምታውንም ሳያሟሉ፣ ያደረጉትን ሁሉ ዘረገፉት። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ጎማ በእጇ አቆመች።

«እትዬ፣ ይቺን ይዘው ነው እስከ ዛሬ የተቀመጡት? አባዬ እኮ ያን ጊዜውኑ ያውቅ ነበር» አለቻቸው። «መጽሐፉን ሳነብለት እዚያ ጋ ስደርስ እጁን አነሣ። ‹ይቺ የእኔ አይደለችም፤ የባለ ቴፗ ናት። ስድሳ ዓመት ወንዝ አጠገብ ኖርኩ፣ ለሰው ብሎ ዝም ሲል አላየሁም› አለ። ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ።»

እትዬ ጆሮ፣ አባትሽ አልተቆጡም ወይ ብለው ጠየቁ።

«ምን ያስቆጣዋል? እሱስ ከመምህሩ ሲማር ያመለጠውን ከራሱ አይደል የሞላው? የእርስዎን አሥሩን ጣላቸው፣ አራቱን ወደደና አስተካክሎ ያዛቸው። ‹ብትመጣ ኖሮ ወንዙን አስጮህላት ነበር› ይል ነበር።»

ይህን ብላ፣ እጇን ከመኪናዋ ሳታነሣ፣ ዝግ ባለ ድምፅ አወረደችላቸው፦

ማዶ ለማዶ ቆመው ሲተያዩ ሁለቱ፣
ይብስ ደነፋ እንጂ መች ጸጥ አለ ጅረቱ።

ሾፌሩ ልጃቸው እንደሚለው እትዬ ጆሮ ለቅሶና ሣቁ ተደባልቆባቸው መቀመጫ ፈለጉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው «እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ። ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ግጥሙን ከመነሻው አወረደችው፤ ልጃቸው በስልኩ ቀዳው። ስልክ ደግሞ ገልብጡኝ አይልም። ሲመለሱ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ምሳ በልተው፣ ኋላ ወንበር ላይ ጋደም አሉና እስከ ቤታቸው ድረስ አንኮራፉ። ያን ማንኮራፋት የሰማ ሰው አርባ አምስት ዓመት ያልተተኛ እንቅልፍ ነው ይላል።

የቀረው ወጣቱ ምሁር ነበር፤ ያን ጊዜ እሱም ሸምግሏል። ቤታቸው ጠርተው ነገሩት። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ። ሁለት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። እትዬ ጆሮ የዚያን ሰው ልፋት አበላሸሁበት ብለው ሲያዝኑ፣ አንድ ቀን በሩን አንኳኩቶ ገባና «እትዬ፣ ለካ ዘጠና ገጽ ሙሉ የጻፍኩት ስለ እርስዎ ነው» አላቸው። ሁለቱም ሳቁ። በ2015 ዓ.ም. መጽሐፉ እንደገና ሲታተም አጠገባቸው ሆኖ ያረመው እሱ ነው። አሥራ አራቱ ስንኞች ዛሬ በደቀቀ ፊደል ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ከሥራቸው «እነዚህ የእኔ ናቸው» የሚል ቃል ከነፊርማቸው አለ፤ ከጎናቸው የሽማግሌው ወንዝ ይደነፋል።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ሕመም የበዛባቸው ቢሆኑም ቀላል ወራት ነበሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሲሄዱ ነርሷን ልጃቸውን ጨምሮ የክፍሉን ሰው ሁሉ ተረት ያስወሩት ነበር። ቤተሰቡ የስንኞቹ ጉዳይ በቀብር ቀን ባይነሣ ብሎ ለምኗቸዋል። እሳቸው ግን «የሕይወት ታሪኬ ላይ ደግሞ እናንተ ስንኝ እንዳትሞሉብኝ» ብለው ዘጉት። ቃላቸውን ጠብቀናል። ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በቤታቸው አልጋ ላይ፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ሐዘናችን ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሆዳቸው ባዶ፣ ልባቸው ንጹሕ ሆኖ ስለ ሄዱ እፎይታችንም ከሐዘናችን አያንስም።

እትዬ ጆሮ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና አናጢውን ታላቅ ወንድማቸውን ትተውልን ሄደዋል። የሰውን ቃል ሁሉ ሲሰሙ የኖሩትን የእናታችንን ቃል ፈጣሪ ይስማላቸው፤ ነፍሳቸውንም በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን። ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ።

አንዲት ነገር ብቻ እንለምናችኋለን። ልጆቻችሁ ያን ግጥም ሲያወርዱላችሁ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጆሯችሁን ስጡ። ወንዙ ከጮኸ የወፍጮ ጠባቂው ነው፤ ጸጥ ካለ የእትዬ ጆሮ ነው። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዳምጧቸውና እሳቸውን አስታውሱልን።