ሪባን ስለታሰረበት የኮምፒውተር ክፍል

ለክቡር ዶክተር ደባልቄ
የዳቡስ ማዶ ኮሌጅ የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ዲን
አሶሳ

ጉዳዩ፦ ተከፍቶ ከማያውቅ ክፍል ቀርተሻል ስለመባሌ

ክቡር ሆይ፣ የሚያዝያው ሙቀት ቢሮዎን እንዳልደፈረ፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም እንደ እኛ በደብተር እየተራገቡ እንደማይውሉ ተስፋ በማድረግ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእኔን ጤና ከጠየቁ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ከማለታቸው በቀር ደህና ነኝ።

ስርጉት የሻው እባላለሁ፤ በኮሌጅዎ የስታቲስቲክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ቢያንስ እስከ ትናንት ነበርኩ። ትናንት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዳነበብኩት፣ አፕላይድ ሊኒየር አልጀብራ የተባለውን ኮርስ የጽሑፍ ፈተና በጥሩ ውጤት ባልፍም፣ ከኮምፒውተር ክፍሉ የተግባር ትምህርት ሙሉ በሙሉ በመቅረቴ ውጤቴ ተሰርዟል። የክፍል ጓደኞቼም ቀርታችኋል ተብለው ኮርሱን ለከርሞ ይደግሙታል። እኔ ግን አምናም በዚሁ ምክንያት ተሰርዞብኝ ዘንድሮ የደገምኩት ስለሆነ ሌላ ዕድል የለኝም፤ ከኮሌጁ ተሰናብቻለሁ። ስለዚህ የሚከተለውን ከምስጋና ጋር ላስታውስዎ ይፍቀዱልኝ።

1. ለኮምፒውተሮቹ ስለሚያደርጉላቸው ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ክቡር እንግዳ መጥተው እስኪመርቁት ድረስ በሩ ላይ ሪባን ታስሮ፣ ኮምፒውተሮቹም ከነፕላስቲካቸው እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነው ተቀምጠዋል። ዘበኛው ጋሽ ሌንጂሳ በየጠዋቱ የሪባኑን አቧራ ያራግፋሉ፤ ፀሐይ ቀለሙን ሲያጠፋውም በአዲስ ተቀይሯል። በግቢያችን በጊዜው የሚታደስ ነገር መኖሩን ማየት ያጽናናል።

2. መምህራችን አቶ ምንይችል ከጎጃም ተመድበው የመጡ ትጉህ ሰው ናቸው። ክፍሉ ሲከለከላቸው ኪቦርዱን ከነፊደሎቹ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሣሉልን። ተራ በተራ እየወጣን ማትሪክስ የሚባለውን የቁጥር ሠንጠረዥ በጣታችን ፊደሎቹን እየነካን እናስገባለን፤ ስንጨርስ እሳቸው እንግዲህ ኢንተር ተጫንን እንበል ይሉና፣ ቀድመው በእጃቸው ያሰሉትን መልስ ይጽፉልናል። ጓደኛዬ ሐኒ በዚህ ዘዴ ተለማምዳ ዛሬ ዓይኗን ጨፍና ትጽፋለች፤ ችግሯ ሰሌዳው ተጠርጎ እንደገና በተሣለ ቁጥር ፊደሎቹ ቦታ መቀያየራቸው ነበር። ይህ ሁሉ ግን ቢሮዎ እንዳስረዳን አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው እዚያ ክፍል ውስጥ ገብቶ የፈረመ ብቻ ነው።

3. የተማርኩት እንዳይባክን ጉዳዬን በእኩልታ አስቀመጥኩት። ለመመረቅ ክፍሉ ውስጥ መፈረም አለብኝ። ለመፈረም ክፍሉ መከፈት አለበት። ክፍሉ የሚከፈተው እንግዳው ሲመጡ ነው። እንግዳው የሚመጡት ደግሞ ተማሪዎች በክፍሉ ሲጠቀሙ ለማየት ነው። መምህራችን ባስተማሩን ዘዴ ረድፉን ከረድፍ እየቀነስኩ ስወርድ፣ መጨረሻ ላይ ዜሮ ከአንድ እኩል ነው የሚል መስመር አገኘሁ፤ በእኛ ትምህርት ይህ መፍትሔ የለውም ማለት ነው። የተሳሳትኩ እንደሆነ ብዬ ደጋግሜ ሠራሁት። አልተሳሳትኩም።

የቀረውን በምን ቁጥር እንደማስገባው አላውቅም። ወላጆቼ ፓዌ መንደር ሰባት ይኖራሉ። አባቴ በሰፈራው ዘመን በልጅነቱ መጥቶ ከትምህርት ቤት እንደወጣ የቀረ ሰው ነውና የእኔን ምርቃት እንደ ራሱ ይቆጥረዋል። እናቴ ትናንት ደውላ ከመንደሩ እነማን ለምርቃቱ እንደሚመጡ ዘረዘረችልኝና የሚቀር የለም ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። በሩ ተቆልፎ ነው ብላት ታዲያ ለምን አላስከፈትሽም ትለኛለች፤ እሷ በሕይወቷ ሪባን ፈርታ አታውቅም። ክቡር ሆይ፣ ጨንቆኛል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሪባኑን ሳይቆርጡ በሥሩ አሾልከው ያስገቡኝ። ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ፕላስቲኩን አልነካም፣ ፈርሜ እወጣለሁ።

ለሪባንዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም በሄዱበት ሁሉ የተከፈተ በር እየተመኘሁ፣ ከደጃፍዎ ሳልርቅ መልስዎን የምጠባበቅ ታዛዥዎ

ስርጉት የሻው

ግልባጭ፦
ለመምህር ምንይችል
ለጋሽ ሌንጂሳ
ለሪባኑ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ፖስታውን ሳላሽግ ከቢሮዎ ጥሪ ደረሰኝ። እንግዳው በመጪው ሳምንት መምጣታቸው ቁርጥ ሆኗል፤ በክፍሉ ምርቃት ላይ በኮምፒውተሩ ማትሪክስ ሠርታ የምታሳይ ጎበዝ ተማሪ ተፈልጋ፣ በጽሑፍ ፈተናው ባመጣሁት ውጤት እኔ ተመርጫለሁ። ክብሩን በደስታ እቀበላለሁ። ሆኖም በስንብቱ ደንብ መሠረት መታወቂያዬን ነገ ስለማስረክብ፣ ጋሽ ሌንጂሳ በግቢው በር እንዲያሳልፉኝ አስቀድመው ይንገሩልኝ። በዕለቱ መብራት ቢጠፋም አይስጉ። ጥቁር ሰሌዳውን ብቻ ያስመጡልኝ፤ ኢንተር ተጫንን እንበልና መልሱን ለእንግዳው እኔው እጽፍላቸዋለሁ፦ ዜሮ ከአንድ እኩል ነው።