የሔቨንን ባጅ ማን ሰካው

ውድ ፊንታን፤

እንደምን ሰነበትክ እንዳልልህ ከሞትክ አርባ ቀንህ ሊሞላ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ሔቨን ከእሳት አደጋ ጣቢያችሁ አንድ ካርድ ይዛልኝ መጣች። አንተን የሚያውቅ ሁሉ ትዝታውን እየጻፈ አየርላንድ ላለችው እህትህ ሊላክላት ነው አሉ። «አባ፣ አንድ ናይስ ነገር ጻፍ በቃ» አለችኝ። እኔም በእንግሊዝኛ «ጥሩ ሰው ነበር» ብዬ ፈርሜ ሰጠኋት። ውሸት አይደለም፤ ግን የሆዴ አይደለም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የኔን ያወጣው ያ ካርድ ነው። በአማርኛ ከጻፍኩት አንተ አታነበውም፤ ሔቨንም ፊደሉን ከረሳችው ቆይታለች። ስለዚህ እንደ ልቤ ልናገር።

እቀናብህ ነበር። በቤትህ አይደለም፤ ቤትህን አይቼዋለሁ፣ ኮሜርስ ሲቲ ከነዳጅ ማጣሪያው ማዶ፣ ነፋስ ሲዞር መስኮት የማይከፈትበት ቦታ ነው። በደመወዝህም አይደለም። በልጄ ነው የቀናሁብህ።

ሔቨን ነርሲንግ ልትጨርስ ሁለት ዓመት ሲቀራት ትታ እሳት አደጋ ልግባ ያለች ቀን እናቷ ኮከብ አለቀሰች፤ እኔ ሦስት ቀን አላናገርኳትም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለስንቱ ሰው «ልጄ ነርስ ልትሆን ነው» ብዬ አውርቻለሁ መሰለህ! እሷ ግን ሥልጠናውን ጀመረች፤ አሠልጣኟም አንተ ሆንክ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ካንተ ስም ሌላ የሚሰማ ጠፋ። ፊንታን በር ከመክፈትሽ በፊት በእጅሽ ጀርባ ንኪው ይላል። ፊንታን መሰላል ስትወጪ ወደ ታች አትዪ ይላል። አንድ ቀን እናቷ ሽንኩርት ስትከትፍ አየቻትና «ማሚ፣ ፊንታን እንዲህ አይደለም የሚከትፈው» አለቻት። ለካ ጣቢያ ውስጥ ተራ በተራ ታበስላላችሁ። ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ሽንኩርት መክተፍ ደግሞ ከአየርላንድ እንማር?

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን አነጋገርህ ነው። እኔም ስደተኛ፣ አንተም ስደተኛ። እኔ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ተሳፋሪው «ምን አልክ? ድገመው?» ይለኛል። «ከየት ነህ?» ሲለኝም ግንባሩን ቋጥሮ ነው። አንተን «ከየት ነህ?» የሚሉህ እየሳቁ ነው፤ ቀጥለውም የአያታቸው እናት አየርላንዳዊት እንደነበረች ይነግሩሃል። የገዛ ልጄ የኔን እንግሊዝኛ ሰው ፊት ታርመዋለች፤ ያንተን ግን ትኮርጀዋለች። «ደህና ነው» ለማለት አንተ እንደምትለው «ግራንድ» ማለት ጀምራ ነበር። አንድ ሁለቴ ሰማኋት፤ በሦስተኛው ራቴን ትቼ ተነሳሁ። ኮከብ «ሰውዬው ምን በደለህ?» አለችኝ። ምንም አልበደለኝም፤ እሱ ነው ነገሩ።

እንግዲህ ወደ ባጁ ልምጣ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሔቨን አውሮራ ባለው ቤታችን በር ላይ ፓርክ አደረገችና ሞተሩን ሳታጠፋ «አባ» አለችኝ። «ግራጁዌሽን ላይ ባጁን ሰው ነው ደረታችን ላይ የሚሰካው። የምትወደውን ሰው ነው የምትመርጠው። አንተ ትሰካልኛለህ?»

ፊንታን፣ ልቤ እንዴት እንደ ዘለለ ልነግርህ አልችልም። አፌ ግን ምን አለ? «እኔ ምኑን አውቄው? አለቃሽ ይሰካልሽ እንጂ።»

ተግደረደርኩ። በእኛ ወግ ሰው የፈለገውን ነገር ገና ሲጠየቅ ዘሎ እሺ አይልም፤ ነውር ነው። አይ፣ ይቅርብኝ ይላል። ይለመናል። «በሞቴ» ይባላል። በሁለተኛው ያቅማማል፣ በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ይቀበላል። እኔም «አባ በሞቴ» እስክትለኝ መስኮት መስኮቱን እያየሁ ጠበቅሁ። እሷ «ኦኬ» ብላ ሞተሩን አጠፋች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ለኮከብ ስነግራት ራሷን ያዘች። «አንተ ሰውዬ! እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ መግደርደር ምን እንደሆነ በምን ታውቃለች? አሁኑኑ ሂድና እፈልጋለሁ በላት!» እንዴት ብዬ? ራሴ እምቢ ብዬ ራሴ ልለምን? ትድገመው እንጂ አልኩ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፣ ሁለት ጠበቅሁ። አልደገመችውም። ከእኔ ዞራ ወዳንተ እንደሄደች ታወቀኝ። የምረቃ በዓሉን ቀን ከሥራ ፈቃድ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ አውቶቡሴን ልነዳ ወሰንኩ። ሌላ ሰው የልጄን ደረት ሲነካ ቆሜ ላጨበጭብ?

በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አንተ በራችንን አንኳኳህ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ያን ሁሉ ቁመት፣ ያን ቀይ ፊት፣ ኮፍያህን በእጅህ ይዘህ። ልመልስህ ፈልጌ ነበር፤ ግን ቤት የመጣ እንግዳ ነህ። ኮከብ ምሳ አቀረበች። «አይ አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አልክ። ደግማ ስትልህ «በቃ ሻይ ብቻ» አልክ። እሷ መቼ ትለቃለች፣ «በሞቴ» በአማርኛ አለችህ፣ ሳህኑንም ፊትህ ድረስ ገፋችልህ። ቁጭ ብለህ ሽሮውን በላህ፤ ሁለቴ ተጨመረልህ። አፍጥጬ አየሁህ። አሜሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬ አይ ብሎ የሚበላ ፈረንጅ አይቼ አላውቅማ! ነገሩ ገብቶህ ሳቅክ። «በእኛ አገር ገና በመጀመሪያው ሻይ የሚቀበል ሰው ባለጌ ነው። እናቴ ትቆነጥጠኝ ነበር» አልከኝ።

ከዚያ ስለራስህ ነገርከን። ዝናብ ከማይለቀው የገጠር እርሻ በሃያ ሁለት ዓመትህ በቪዛ ሎተሪ መጣህ። ለእናንተም ሎተሪ ነበር ለካ! እኔ ናይሮቢ ሰባት ዓመት ወረፋ ስጠብቅ አንተ በአንድ ፖስታ። እዚህም ቀናሁብህ፣ አልደብቅህም። መጀመሪያ ሥጋ ማከማቻ ቤት በረዶ ውስጥ ተሸከምክ፤ ቀጥሎ እሳት አደጋ ገባህ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መጋዘኑ፣ ጎማ ቤቱ፣ የባቡር ሐዲዱ ዳር የተቃጠለ ቀን ሁሉ አንተ ነበርክ። ትዳርህ በየበዓሉ ጣቢያ እያደርክ ፈረሰ። ልጅ አልወለድክም። ይህንን ስትናገር ወደ ሳህኑ ነበር የምታየው።

«ሔቨን ባጁን ስካልኝ ብላኝ ነበር» አልክ። «አባትሽ እያለ እኔ ማነኝ አልኳት። ኦኬ ብላ ሄደች። ይኸው ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የለኝም።»

ያን ጊዜ ነው የሳቅነው። ሁለት ሽማግሌ ጅሎች፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ እንባችን እስኪወርድ። እንዳንተ ያለ ወንድም ባገኝ ምን ነበረበት ብዬ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው። ኮከብ ግን አልሳቀችም። «እናንተ ትስቃላችሁ፤ ልጅቷን እኮ ሁለታችሁም እምቢ ብላችኋታል!» አለች። «ትናንት ፎርሙ ላይ የሚሰካ ሰው የለኝም ብላ ሞልታለች፤ ማንም የጣቢያ ሰው ይሰካልኝ ብላለች። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ።»

አንተ አፍህን ጠርገህ ቀና አልክ። «ንዋይ፣ አባቷ አንተ ነህ። አንተ ስካላት» አልክ።

ይኸውልህ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት እዚህች ቦታ ለመድረስ ነው። የተናገርክበትን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከአንድ ሰዓት በፊት ለኮከብ «አይ አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ያልክበት ድምፅ ነበር። ተግደርድረህ ነበር። ከተናገርክም በኋላ ዓይንህን ከፊቴ አላነሳህም። «አይሆንም፣ ያስተማርካት አንተ ነህ» እንድልህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንድለምንህ ጠበቅከኝ። ብለምንህ ምናልባት አንተም መልሰህ ትለምነኝ ነበር፤ ምናልባት ሁለታችንም አብረን እንሰካላት ነበር። በዚህ አገር ያን ልመና ማወቅ ያለበት ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ።

እኔ «ኦኬ» አልኩህ።

ፊትህ ላይ የሆነውን አየሁ። ፈገግ ብለህ «ግራንድ» አልክና ኮፍያህን አነሳህ። ኮከብም አይታለች፤ ከሄድክ በኋላ ሳህኑን እያንኳኳች አጠበች።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ፤ በዓሉ ላይ ባጁን የሰካሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ሙከራ ነው መርፌው የገባልኝ። ሔቨን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «የማትፈልግ መስሎኝ ነበር አባ» ብላ አለቀሰች። ከሕዝቡ ሁሉ አብልጠህ ያጨበጨብከው አንተ ነበርክ። ፎቶ ስንነሳ «ፊንታን፣ ና!» ብላ ጠራችህ። «አይ አይ፣ የቤተሰብ ነው» አልክ። እሷ ምን ታውቅ፣ እሺ አለች። ኮከብ ክርኗን ጎኔ ውስጥ ከተተች። እኔ ወደ ካሜራው አየሁ። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ ከዳር የአንድ ሰው ክንድ ይታያል፤ ያንተ ነው።

ሳንባህን ሲያምህ ሔቨን ከሥራ በቀጥታ ሆስፒታል ትሄድ ነበር። እኔ አንዴ መጣሁ። ልነግርህ ነበር፤ ስለ ሀይዌዩ መዘጋጋት አውርተን ተለያየን። በቀብርህ ቀን ለሞተ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚደወለው ደወል ሲደወል ሔቨን የዩኒፎርሟን እጅጌ ነክሳ ስታለቅስ አየኋትና፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ «ለእኔስ እንዲህ ታለቅስ ይሆን?» አልኩ። በሬሳ ቀናሁ። ሳጥንህ በፊቴ ሲያልፍ ደግሞ «ፊንታን፣ እዚያ በር ላይ ግባ ካሉህ በመጀመሪያው ግባ፤ እንዳትግደረደር፣ የሚለምንህ ላይኖር ይችላል» አልኩህ በልቤ።

ይቅር በለኝ፤ በድዬሃለሁ። እያወቅሁ ነው የበደልኩህ። ነገር ግን ለሞተ ሰው አይዋሽም፤ ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ፣ አንተም እንደዚያው ብታየኝ፣ አልለምንህም። አሁንም ኦኬ ነው የምልህ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ።

አፈሩን ያቅልልህ።

የሔቨን አባት
ንዋይ