«ታግዶ አያውቅም» የተባለው ፋይል

«ፋይሉ በማንኛውም ጊዜ ታግዶ አያውቅም። የቀረበው ጥያቄ በ6 ቀን ተፈቷል። ባለሙያዋ ድልድዩን ያለ ፈቃድ የዘጉት በገዛ ፍላጎታቸው ነው።»
(በያዝነው ወር በ16 ቀን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ከጻፉት ማብራሪያ፣ ቃል በቃል የተቀዳ)

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎ እንዳልተጓደለ፣ ምግብም እንደሚስማማዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከላይ ያሉትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አስመትቶ በሰላም የሚተኛ ሰው ጤናው የሚያስቀና ነውና። ይህን ደብዳቤ በድጋፍ መስመርዎ ሳይሆን በአደባባይ የምጽፍልዎ ስለ ናቅሁዎት አይደለም። በድጋፍ መስመርዎ የሚገባ ነገር ሁሉ ዓርብ ዓርብ ምን እንደሚደርስበት ስለማውቅ ነው፤ እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

ለማያውቁን አንባቢዎች ስል ጉዳዩን ባጭሩ ላስረዳ። እኔ የእግረኛ ድልድዮችን የምመረምር መሐንዲስ ነኝ። ወንዙን የሚሻገረውን አሮጌውን ድልድይ በየማለዳው የሚለኩት ባልደረባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉ ሴት ሲሆኑ፣ በልኬት ቀልድ ስለማያውቁ ሁላችንም «ወይዘሮ ሚሊሜትር» እንላቸዋለን። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል። በ27 ቀን ግን፣ በእርስዎ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ምክንያት፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቆማሉ፤ ከተፈረደባቸውም ይሰናበታሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። አይጡን ደግሞ በስሙ ባልጠራውም በማዕረጉ እየጠራሁት ነው።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በ3 ቀን አዲስ ላፕቶፕ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የርክክቡን ሥነ ሥርዓት አልረሳውም። አዲሶቹ ላፕቶፖች ሁሉ ከካርቶናቸው ወጥተው፣ ተከፍተው፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ፤ እርስዎ መሐል ቆመው ፎቶ ተነሡ፤ ከዚያ የክፍልዎ ሠራተኞች ምሳ ሳይቀርባቸው ለመድረስ እየተጣደፉ ወደየካርቶኑ መለሷቸው። ስድስት ዓመት ያገለገለኝን አሮጌውን ላፕቶፕ ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ ወሰዱብኝ። አዲሱን ስከፍተው ፈገግ ያለች ቀጭኔ ተቀበለችኝ። ሁለት ሰዓት ስሠራ ቆይቼም «ጎበዝ! ዛሬ ብዙ አነበብክ። አሁን ዓይኖችህን አሳርፍ» የሚል ጽሑፍ ወጣልኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ በዚህ መሥሪያ ቤት ጎበዝ ያለኝ ሰው ስለሌለ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያውን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

2. በ4 ቀን ጠዋት ወይዘሮ ሚሊሜትር የልኬት ፋይላቸውን ላኩልኝ። ለማውረድ ስሞክር እንዲህ ተባልሁ፦ «ይህ ፋይል ለደህንነትህ ሲባል ታግዷል። ትልቅ ሰው ጠይቅ።» አንተ መባሌ አልገረመኝም፤ ክፍልዎ ከሠራተኛው ጋር ሲነጋገር ሁልጊዜም አነጋገሩ ይኸው ነው ብዬ አለፍሁት። ትልቅ ሰው ፍለጋም ዞር ዞር ብዬ አየሁ። በፎቃችን ላይ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ስላልነበረ ወደ እርስዎ ክፍል መጣሁ። አሥር ቀን ሙሉ ክፍልዎ ውስጥ ትልቅ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም።

3. ትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የሞከርሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ መዝግቤያለሁ። በሌላ ብሮውዘር ሞከርሁ። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አየሁ፤ ባዶ ነው። አንቲቫይረሱን ጠየቅሁ፤ ፋይሉን አላየሁትም አለኝ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ እገዳ ማንሻውን አገኘሁት፤ ደብዝዟል፣ ቢነኩት አይነካም። ፍላሽ ሰካሁ፤ ቀጭኔዋ ራሷን ነቀነቀችብኝ። የሥራ ደብዳቤዬን በስልኬ ወይም በጓደኛዬ ማሽን እንዳልከፍት ደግሞ፣ እርስዎ ራስዎ ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ሥርዓቱ ፋይል የሚያወርደው በስሜ በተመዘገበው ማሽን ብቻ ነው። ስደውል ስልክ ያነሣው ቴክኒሻንዎ አምስት ጊዜ «ጋሼ፣ አጥፍተው አብርተውታል?» አለኝ። በአምስተኛው «አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፤ አሁን የቀረው እኔ ራሴ መጥፋት ነው» ብዬ ብመልስለት «ጋሼ ደግሞ ጨዋታ ይችላሉ!» ብሎ ስቆ ዘጋው። ከዚያ የእገዳ ማንሻ መጠየቂያ ቅጽ ላከልኝ። ቅጹ ፋይል ነው። ፋይሉም ለደህንነቴ ሲባል ታግዷል።

4. ዓርብን ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ። በክፍልዎ ሳያድር የሚፈጸም አንድ ሥራ ቢኖር ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልተመለሱ ጥያቄዎችን ሁሉ «ተፈቷል» ብሎ መዝጋት ነው፤ ሰኞ ጠዋት ለበላይ የሚቀርበው ሪፖርት ንጹሕ እንዲሆን። ቁጥር 611 ጥያቄዬ በ6 ቀን ዓርብ ተፈታ። ሰኞ እንደገና ጠየቅሁ። ቁጥር 638 በ13 ቀን ዓርብ ተፈታ። ሁለቱም የተፈቱት በአሥራ አንድ ሰዓት ከዜሮ ደቂቃ ነው። እኔ ሁለቱንም ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ከቀጭኔዋ ጋር ተፋጥጬ ነበር።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ላቁም፤ ቀጥሎ የሚመጣው በቁጥር የሚደረደር አይደለም።

በ4 ቀን የድልድዩ ስንጥቅ ሦስት ሚሊሜትር ነበር። በ9 ቀን አምስት። ወይዘሮ ሚሊሜትር ይህን በስልክ ነግረውኛል፤ በ12 ቀን ደግሞ የእጅ ጽሑፍ ደብተራቸውን ይዘው ቢሮዬ ድረስ መጥተዋል። የመዝጊያ ትእዛዝ የሚታተመው የልኬቱ ፋይል ከተያያዘ ብቻ ስለሆነ ደብተራቸውን ትንሽ አገላብጬ መለስሁላቸው። «ፋይሉን ሳላይ አልፈርምም» አልኋቸው። እንደዚህ ያልሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አይደሉም። ይህን የምጽፈው ከሌላ ሰው አፍ ቀድመው እንዳይሰሙትና እንደ መከላከያ እንዳይዙት ነው። ወይዘሮ ሚሊሜትር መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «ወንድሜ፣ ድልድዩ እኮ አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን አይጠብቅም» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ዓርብ ስንጥቁ ሰባት ሆነ። ድልድዩን በየቀኑ ተማሪ፣ የዳቦ ቤት ሠራተኛ፣ ሸክም የተሸከመ ሁሉ ይሻገረዋል። ወይዘሮ ሚሊሜትር ከቤታቸው የልብስ ማስጫ ገመድ አምጥተው በአንዱ ጫፍ ከመደገፊያው ብረት ላይ አሰሩና ራሳቸው ቆሙ፤ በሌላው ጫፍ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ባላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የመጣው ሁሉ ሰደባቸው። አንዱ «እትዬ፣ ድልድዩ የአባትሽ ነው እንዴ?» ቢላቸው፣ «የአባቴ ቢሆንማ ይኼኔ አስጠግኜው ነበር፤ ዙር!» ብለው መለሱለት። እስኪመሽ ድረስ አንድም ሰው አላሳለፉም።

ቅዳሜ ጠዋት ኅሊናዬ አላስቀምጥህ ሲለኝ ቢሮ ሄድሁ። በምድር ቤቱ፣ ለሠራተኞች ልጆች በተከፈተው የልጆች ንባብ ክፍል በኩል ሳልፍ በሩ ክፍት ነበር። በስድስት ላፕቶፖች ላይ ስድስት ቀጭኔዎች ፈገግ ብለዋል። በሰባተኛው ላይ ቀጭኔ የለም፤ እሱን ከበው ልጆች ይራኮታሉ። የክፍሉ ኃላፊ ሴትዮ «ሁሉም ይኼን ነው የሚፈልጉት፤ ሌሎቹ እንቢ ሲሉ ይሄ ብቻ ጨዋታ ያወርድላቸዋል» አሉኝ። ላፕቶፑን አንሥቼ ሆዱን ባየው የእኔ ማዕረግ የተጻፈበት መለያ ተለጥፏል። ወደ ቢሮዬ በሩጫ ወጥቼ የእኔን ገለበጥሁት፤ «ልጆች ንባብ ክፍል፣ ቁጥር 7» ይላል። ለፎቶ ሲባል ከካርቶናቸው የወጡት ሲመለሱ ተቀያይረዋል። የድልድይን ሆድ ሳያይ ፈርሞ የማያውቅ ሰው የገዛ ላፕቶፑን ሆድ ሳያይ አሥር ቀን ተቀምጧል፤ ይህ የእኔ ዕዳ ነው፣ እከፍለዋለሁ። እርስዎ ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ፦ በዚህ መሥሪያ ቤት ማንኛውንም ፋይል ያለ ገደብ ለማውረድ ሙሉ ሥልጣን የነበረው ሰው ገና ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሥልጣኑንም ከእርስዎ በተሻለ ተጠቅሞበታል።

ልጆቹ ተራ ሰጡኝ። ጉልበቴ ጆሮዬ ድረስ እየደረሰ በልጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ የአሥሩን ቀን ፋይሎች አወረድሁ። ወይዘሮ ሚሊሜትር በአንዲት ነጥብ አልተሳሳቱም። የመዝጊያውን ትእዛዝ እዚያው አሳትሜ ፈረምሁ፤ ድልድዩ ዛሬም ድረስ የተዘጋው በዚያ ትእዛዝ ነው።

ሰኞ በ16 ቀን ሁለቱን ማሽኖች ይዤ ቢሮዎ መጥቼ የሆነውን በአንደበቴ ነገርሁዎ። ራስዎን ነቅንቀው «እንግዲህ በመዝገባችን ተፈቷል ነው የሚለው» አሉኝና ማሽኖቹን ሳይለውጡ መለሱኝ። ከሰዓት በኋላ ከላይ የቀዳሁትን ማብራሪያ ጻፉ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ አንድ ሠራተኛዎ መጥቶ ቀጭኔዋን ከማሽኔ ላይ አነሣት። እገዳውን አላነሣውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ የእርስዎ ውሻ ግን የጮኸው በጅቡ ላይ ሳይሆን በበጓ ላይ ነው። ቀጭኔዋ ማስረጃ መሆኗን አውቀው እንዳስነሧት አምናለሁ። ስለዚህም ከመነሣቷ በፊት ሰኞ ማታ ፎቶ አንሥቻታለሁ፤ መለያዎቹንም፣ ቁጥር 611ንና 638ንም፣ የንባብ ክፍሉ ኃላፊ በፊርማቸው ያረጋገጡትንም ቃል እንዲሁ በእጄ ይዣለሁ።

ይቅርታዎን አልፈልግም፤ ይቅርታ መጠየቅ የሚያውቅ ሰው ሰኞ ሊጠይቅ ይችል ነበር። የምፈልገው ይህ ነው። ለዲሲፕሊን ኮሚቴው የሰጡትን ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ መሻርዎን፣ ፋይሉ ከ4 እስከ 14 ቀን ታግዶ እንደነበር፣ የታገደውም በክፍልዎ ስሕተት መሆኑን፣ ሁለቱም ጥያቄዎች ሳይፈቱ «ተፈቷል» መባላቸውን በጽሑፍ እንዲገልጹልኝ፤ መልስዎም እስከ 25 ቀን ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እንዲደርሰኝ ነው። በወረቀት፣ በፊርማ፣ በማኅተም። በፋይል እንዳይልኩልኝ አደራ፤ ምክንያቱን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሰዓቱ ካለፈ በ27 ቀን ኮሚቴው ፊት ከወይዘሮ ሚሊሜትር ጎን ቆሜ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብበዋለሁ። ድምፄ ጎላ ያለ መሆኑን ባልደረቦቼ ይመሰክሩልኛል።

የክፍልዎን ንጹሕ ሪፖርቶች በታላቅ አድናቆት የሚከታተል፣ ለደህንነትዎ ከልብ የሚጨነቅ፣ በመዝገብዎ ሁለት ጊዜ የተፈታ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

የድልድዮች ፍተሻ ከፍተኛ መሐንዲስ
(አሁንም፦ ልጆች ንባብ ክፍል፣ ቁጥር 7)

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴ
ለልጆች ንባብ ክፍል
ለዋናው መግቢያ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በ17 ቀን ከክፍልዎ አንድ ማመልከቻ ደርሶኛል። አሥራ ሁለቱን ከባድ የሰርቨር ቁም ሣጥኖች ወደ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከእርስዎ ቢሮ በላይ ወዳለው ክፍል ለማዛወር ወለሉ ክብደቱን ይችል እንደሆነ መርምሬ እንድፈርም የሚጠይቅ ነው። የወለሉ ስሌት በፋይል ተያይዟል። ለማውረድ ብሞክር ለደህንነቴ ሲባል ታግዷል፣ ትልቅ ሰው ጠይቅ ተባልሁ። ስሌቱን ሳላይ እንደማልፈርም ወይዘሮ ሚሊሜትር ይነግሩዎታል፤ እኔ ካልፈረምሁ ደግሞ አንዲት ቁም ሣጥን እንኳ ደረጃ አትወጣም። ቢሆንም ጥያቄዎ ተንጠልጥሎ እንዲያድር ስላልፈለግሁ በክፍልዎ ወግ መሠረት ትናንት ዓርብ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከዜሮ ደቂቃ ላይ፣ «ተፈቷል» ብዬ ዘግቼልዎታለሁ።