እጃቸውን አሳየኝ

ጥር 4
ሠርግ ስቀርጽ ዋልኩ። ሙሽሪት ታለቅሳለች፣ አማት ታለቅሳለች፣ እኔ በካሜራዬ ፊታቸውን አቀርባለሁ... የተለመደው። ወገቤ ቁርጥ ብሏል።

ቤት ስገባ እማዬ እንደ ወትሮዋ መስኮቱ ጋ። ጆሮዋ ጨርሶ እምቢ ካለ ወዲህ የሸክላ ማጫወቻው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋበታለች። ያ ሰሃን እያጠበች ወገቧን የምታወዛውዝበት ላቲን ጃዝ ሁሉ... “ጨርቁን ላንሳው?” ስላት ከንፈሬን አንብባ፣ “ለማን ብለህ?” አለችኝ።

ጥር 7
ትራምፔት ነፊውን ጓደኛዬን፣ ጉንጬን፣ መንገድ ላይ አገኘሁት። ባንዳቸው ላቲን ጃዝ እየተለማመደ ነው። “ና ቅረጸን፣ በነፃ ግን!” አይ ጉንጬ! እሺ አልኩት። ለእማዬ ብዬ ነው። ባትሰማም ታያለች... ወይስ ቁስሏን ልነካካ ነው?

ጥር 9
ትናንት ልምምዳቸውን ቀረጽኩ፤ ዛሬ ለእማዬ አሳየኋት። ትንሽ እንዳየች ፊቷን አዞረች።

“ምነው እማ?”

“ሠርግ ነው እንዴ ይሄ? ፊት፣ ፊት፣ ፊት! ላቡን የሚጠርግ ሰው ምን ይሠራልኛል? እጃቸውን አሳየኝ!”

እውነቷን ነው። ኮንጋው፣ ያ በመዳፍ የሚመታው ረጅም ከበሮ፣ ሲቀልጥ እኔ የመቺውን ፈገግታ ሳሳድድ። ፒያኒስቷ ጣቷን ስታሯሩጥ እኔ ጉትቻዋ ላይ። የሠርግ አመል! አፈርኩ። ግን ደስም አለኝ... ከተቆጣችኝ ስንት ጊዜዋ!

ጥር 12
ተመልሼ ሄድኩ። ኮንጋው ሥር ተንበርክኬ ቀረጽኩ። መዳፍ፣ ጣት፣ ደግሞ መዳፍ። ፒያኒስቷ በአገጯ ትጠቁማለች፣ ሁሉም እኩል ይገባሉ። ይሄን ሁሉ ዓመት በሸክላ ስሰማ ይቺን አገጭ የት አውቄያት! ጉንጬ “የኔስ ፊት?” እያለ ነዘነዘኝ።

ጥር 13
አዲሱን ቪዲዮ ለእማዬ ሳሳያት ድምፁን ዘጋሁት። እሷ ሳትሰማ እኔ ብቻዬን ልስማ? ከበደኝ።

እማዬ ወንበሯን ስባ ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጠፈች። መጀመሪያ ጣቷ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ... ከዚያ ጠረጴዛውን ትደልቀው ጀመር። መሃል ላይ “ኧረ ኮንጋው ቀደመ!” ብላ ሳቀች። ወዲያው መቺው ከንፈሩን ሲነክስ፣ ፒያኒስቷ ስትገላምጠው አየሁ።

እፎይ! እናቴ አለች። የትም አልሄደችም።

ሲያለቅስ ውሎ እናቱን ያገኘ ሕፃን መሰልኩ። እሷ ግን መዳፏን ቴሌቪዥኑ ጎን ላይ አሳርፋ ፊቷን አጨማደደች።

“አይንቀጠቀጥም። ዘጋኸው እንዴ?”

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

“የኔ ጆሮ ነው እንጂ የደከመው፣ ያንተ ምን ሆነ? ክፈተው! አንተም ስማ።”

ከፈትኩት። እኔም ጠረጴዛውን መታ መታ ሳደርግ እጄን ያዝ አደረገችና፣ “ዘገየህ” አለችኝ።

ጥር 18
ጨርቁ ከማጫወቻው ላይ ተነስቷል። የቴሌቪዥኑ መወልወያ ሆኗል። ዛሬም ስትወለውል አገኘኋትና “ምነው ይሄን ያህል?” አልኳት።

“ጣትህን አታሳርፍበት። የነሱን ጣት አላሳይ አለኝ።”