ቁጥር አርባ አራት፦ የጋሼ ትንፋሽ የሕይወት ታሪክ

የሥራ ባልደረቦቻቸውና ሕመምተኞቻቸው «ጋሼ ትንፋሽ» የሚሏቸው አጎቴ፣ ከዛሬ ስልሳ ሦስት ዓመት በፊት ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ታላቃቸው እናቴ ናት። ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር ጨርሰው፣ በራጅ ሙያ ሠልጥነው፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው በዚሁ ሐኪም ቤት ራጅ ክፍል ተቀጠሩ። በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው በልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ይሠሩ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

ስሙ የወጣላቸው በቀን መቶ ጊዜ «ትንፋሽ ያዙ… አሁን ተንፍሱ» ስለሚሉ ነው። ቤትም ሲገቡ አይለቃቸውም ነበር። ልጆቻቸው ሲያለቅሱ «ትንፋሽ ያዢ» ይሏቸዋል፤ እነርሱም እውነትም ፀጥ ይላሉ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በጨለማ ክፍል ቀይ መብራት ሥር ፊልም አጥበዋል። ሰውን የሚያውቁት በፊቱ ሳይሆን በደረቱ ነበር። መንገድ ላይ ቆም ብለው «ያቺ አራተኛ ጎድኗ ተሰብሮ የገጠመላት» እያሉ ሲያሳዩን ልጆቻቸው በኀፍረት ይሸሹ ነበር። እኔ ደግሞ ልብሴን አልፈው የሚያዩኝ ስለሚመስለኝ ፊት ለፊታቸው መቀመጥ አልወድም ነበር። የራሳቸውን ደረት ግን አንድም ቀን አላዩም። በየዓመቱ ለሠራተኛ የሚታዘዘውን ምርመራ «ነገ» እያሉ ሸሹት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብዬ ብጽፍባቸው፣ ቢኖሩ ኖሮ ይስቁ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ዲጂታሉ ራጅ ሲመጣ፣ የአሮጌውንና የአዲሱን ማሽን የምስል ጥራትና የጨረር መጠን እንዲያወዳድሩ እርሳቸውና የራጅ ዶክተሩ ተመደቡ። አጎቴ «ለጥናት ብዬ ሰውን ሁለት ጊዜ ጨረር አላጠጣም» ስላሉ፣ ቀደም ብለው በፊልም ተነሥተው ለክትትል የተመለሱት ብቻ በዲጂታሉ ተነሡ። ሰማንያ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ሰባ ዘጠኝ ላይ ሰው ጠፋ። ሰማንያኛው እንዲሞላ፣ አንድ ጠዋት ከሕመምተኛ ሁሉ በፊት፣ ሸሚዛቸውን አውልቀው በሁለቱም ማሽኖች ፊት ራሳቸው ቆሙ። ምስሎቹን ያዘጋጀችው ረዳታቸው ናት፤ እርሳቸው አላዩአቸውም።

ሁለቱ ምስሎቹን ሲዳኙ እንዳያዳሉ የሰዎቹ ስም ተሸፍኖ በዕጣ ቁጥር ወጣላቸው። ዝርዝሩን በፖስታ አሽጌ የያዝኩት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ እኔ ነኝ። ጥናቱ እስኪያልቅ ላልከፍት፣ ላልናገር ፈርሜያለሁ።

ቁጥር አርባ አራት ሲታይ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። በፊልሙ ላይ ምንም አልታየም። በዲጂታሉ ላይ ግን ከቀኝ የአንገት አጥንት ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ጥላ ነበረች። ዶክተሩ «ሰውየው ይጠሩ» አሉ። አጎቴ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ጥላ የዚህ ሰው አይደለም፤ ከርሱ በፊት የቆመው ሰው ጥላ ነው። አዲሱ ሰሌዳ ያለፈውን ሰው ቶሎ አይረሳም። ሰው በከንቱ አናስደንግጥ» ብለው ጻፉ። ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ አንዳንዴ የቀደመውን ሰው ምስል እንደሚያስቀር ሁላችንም አይተናል። ዶክተሩም የሠላሳ ስምንት ዓመት ዐይን አክብረው ተዉት።

ቁጥር አርባ አራት አጎቴ ነበሩ። የዚያን ጠዋት ከርሳቸው በፊት የቆመ ሰውም አልነበረም። ይህን ዐውቅ ነበር። ሆኖም ፈርሜያለሁ፤ ደግሞም ስለ ደረት ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም። ዝም አልኩ።

ሰባት ወር ዝም አልኩ። ዲጂታሉ ከግማሽ በታች በሆነ ጨረር የተሻለ እንደሚያሳይ ተረጋግጦ ፖስታው ሲከፈት፣ አጎቴ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ ወርደው አርባ አራት ላይ ቆሙ። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን በአሮጌው ፊልም ላይ፣ ከአንገት አጥንቱ ሥር አኖሩ። እዚያም ነበረች። እኔም አየኋት፤ ካየኋት ወዲህ ያንን ፊልም ያለርሷ ማየት አልቻልኩም።

ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ግን ሕመሙ ቀድሟል። ዶክተሩ ሰባቱ ወራት ለውጥ ያመጡ እንደሆነ አይታወቅም ይላሉ። አጎቴ አቅም እስካላቸው ድረስ በነዚያው ሁለት ምስሎች ተማሪዎችን አስተማሩ። ተማሪው «የቀደመው ሰው ጥላ ነው» ሲል፣ እጁን ይዘው ቀኝ ደረታቸው ላይ ያስቀምጡና «ትንፋሽ ያዝ» ይሉታል። በመጨረሻ አልጋ ላይ ሲውሉ ደግሞ ደጋግመው «ከኔ በፊት የቆመው ማን ነበር?» ይሉ ጀመር። «ማንም» እላቸዋለሁ። እንደገና ይጠይቁኛል።

ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ብለው ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሕይወት ታሪኬን አንቺ ጻፊው፤ ቁጥሩን እንዳትዘልዪው።» ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ዝምታዬን የሚሰሙት ዛሬ፣ ከናንተው ጋር ነው። ይቅርታቸውን እለምናለሁ።

አጎቴ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንድ የልጅ ልጃቸው፣ እናቴና እኔ አለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሥቃይ በሌለበት ያኑርልን፤ ለኛም መጽናናቱን ይስጠን።

ጋሼ፣ ቁጥሩን አልዘለልኩትም። አሁን ይተንፍሱ።