ሁለት ከረጢት ጥቁር ናይለን

ናዝሬት፣ ሰኔ 11 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ የሺዓለም፣

«ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ምን አፍ አለኝና ነው ጤናሽን የምጠይቀው! ሰላምታውን ትቼዋለሁ። የእጅ ጽሑፌን ስታይ ሳታነቢው እንዳትጥዪው ብቻ እለምንሻለሁ።

ሰኞ ዕለት አዳሚ ቱሉ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ለማኅበራችን ደብዳቤ መጣ። በንብረት ክፍል ልትቀጠሪ አመልክተሻል አሉ፤ ከእኛ ዘንድ የለቀቅሽበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቃሉ። ደብዳቤው የደረሰው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። አልሰማሽ እንደሆነ ልንገርሽ፣ ግምጃ ቤቱን ካንቺ በኋላ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጓድ ጆቴ ዛሬም ሊቀ መንበራችን ነው። «በኢኮኖሚ አሻጥር የተባረረች ብለሽ አርቅቂና አምጪ፣ እፈርማለሁ» ብሎኝ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀቱን ሳይ ዋልኩ።

የሺዬ፣ ያ ቤታችን ትዝ ይልሻል? ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ቆርቆሮው በቀትር የሚያነደን፣ አሥራ አራት ሴቶች ትንንሽ ሞርሳ ፊታችን አስቀምጠን መንጠቆ ላይ ክር ስንጠመጥም የምንውልበት። ለፈረንጅ አሳ አጥማጅ የሚላክ፣ አሳ የሚያታልል የክር ዝንብ እንሠራለን ስንል ሰፈሩ በሳቅ ይሞታል። «የናዝሬት ዝንብ አንሷቸው ደግሞ ይሠሩልናል እንዴ!» ይሉን ነበር። መጀመሪያ በዶሮ ላባ ነበር የምናስረው። ኋላ ናይለኑ በከረጢት በከረጢት ከውጭ መጣ፤ ነጩ፣ ጥቁሩ፣ የወይራ ቅጠል የሚመስለው። እኔ «ይሄ የላስቲክ ፀጉር አሳ ያታልላል?» ብዬ ሳሾፍ፣ አንቺ እሁድ ሶደሬ ድረስ ወስደሽ አዋሽ ላይ አሳየሽኝ። የላባው ዝንብ ውሃ ጠጥቶ ከበደና ሰጠመ። የናይለኑ ግን እያብለጨለጨ ውሃው ላይ ቀረ። «አየሽ ጉዲቱ፣ ይሄ ውሃ አይጠጣም፣ ቀለሙ አይለቅም፤ የሚፈራው እሳት ብቻ ነው» አልሽኝ። አሳ ሳንይዝ ቀሚሳችንን አርሰን ተመለስን።

የዚያን ዓመት ታይፎይድ ይዞኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። ነፍሴ ተረፈች፣ ፀጉሬ ግን በማበጠሪያው እየተነቀለ አለቀ። ሰርጌ ደግሞ ለጥር ተቆርጧል። የፈይሳ እናት ወይዘሮ ዘርፉ «ሙሽራችን ፀጉሯ ወገቧን ይመታል» ብለው ለአገር ምድሩ አውርተዋል። በሽተኛ ናት ብለው ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ሳስበው የሞኝ ፍርሃት ነው፤ ያኔ ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

ከሰርጉ በፊት አንድ ዓርብ እናትሽን እማማ ውዴን ሐኪም ቤት ልታደርሺ ነበር። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገትሽ አውልቀሽ እኔ አንገት ላይ አጠለቅሽው። «ልጆቹ ክር ሲጨርሱ አውጥተሽ ስጫቸው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ» አልሽኝ። ቁልፍ ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም ሁለት ከረጢት ጥቁር ናይለን በቀሚሴ ስር ሸጉጬ ወጣሁ። ስርቆት ነው ብዬ አላሰብኩም፣ እውነቴን ነው። ሰርጉ ሲያልፍ ፈትቼ፣ በሳሙና አጥቤ፣ አበጥሬ እመልሰዋለሁ አልኩ። አክስቴ ከራሴ ፀጉር ጋር አድርጋ ሹሩባ ሠራችኝ። መርካቶ የተገዛ ነው ብያት አመነችኝ።

የሰርጉ ዕለት ጧት ፀጉር ሠሪዋ መሰለች የጋለ ካውያዋን ይዛ ጫፍ ጫፉን ልታስተካክል መጣች። «ወይኔ! አትንኪኝ!» ብዬ ጮህኩ። ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። አንቺ ሚዜዬ ነበርሽና ከኋላዬ መጥተሽ እጅሽን ሹሩባው ውስጥ አስገባሽ። ያን ናይለን ካንቺ ጣቶች የበለጠ ማን ያውቀዋል? እጅሽ ቀጥ ሲል ተሰማኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «መሴ፣ ካውያው ይቅር፤ እንዲሁ ያምርባታል» አልሽና ነጠላሽን አገልድመሽ ዘፈኑን አወረድሽው። ነገ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም አልጠየቅሽኝም።

ከዚያ አምስት መቶ ጥቁር ዝንብ ታዘዘ። ግምጃ ቤቱ ሲፈተሽ ጥቁሩ ጎደለ። የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣ ዕቃ ነውና ነገሩ አሻጥር ተባለ፤ ረቡዕ ስምንት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። እኔ የሁለት ሳምንት ሙሽራ ነበርኩ። ቅልቅል ሳያልፍ ሙሽራ ሹሩባዋን አትፈታም ብለው አማቴ ስለከለከሉኝ የሚፈለገው ናይለን ራሴ ላይ ነበር። በሩ ላይ ስንገናኝ «ሻሽሽ ላልቷል» አልሽኝ። ግንባሬ ድረስ ስበሽ አጥብቀሽ አሰርሽልኝና ቀድመሽኝ ገባሽ።

ጓድ ጆቴ «ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሲጠይቅሽ ሦስት ረድፍ ከኋላሽ ነበርኩ። ቀና ብለሽ «ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም» አልሽ።

«አስተያየት ያለው ጓድ?» አለ።

ያን ጊዜ መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ሰው ወህኒ አስገባ። ኧረ ዝም ብዬ ብቀር እንኳ በተሻለ! «ከሥራ ታግዳ ለሕግ ትቅረብ የምትሉ» ሲል ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ወደ ኋላ ዞረሽ እንዳላየሽኝ አውቃለሁ፤ አይተሽኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቅልቅሉ እንዳለፈ ፈታሁት። ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ናይለኑ ውሃ አይጠጣም፣ ቅባቱን ግን አልለቅ አለ፤ ተጠማዞም ቀረ። አንድ ዝንብ አስሬበት አየሁት፣ የተረገጠች በረሮ መሰለ። ቢሆንም ይዤው ልሂድ አልኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል አረገዝኩ። ስወልድ ደግሞ ሕፃን ይዤ እንዴት እታሰራለሁ አልኩ። ምክንያት መቼ ጠፍቶ ያውቃል! አንቺ አራት ወር ታስረሽ ወጣሽና አቦምሳ አጎትሽ ዘንድ ሄድሽ። እኔ ባንቺ ወንበር ተቀመጥኩ።

ዛሬ ጧት ለፈይሳ ሁሉንም ነገርኩት። ቁርሱን ትቶ ተነሳ። ይጮህብኛል ስል «ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ፣ አንቺ ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ። ለአዳሚ ቱሉ የሚላከውን መልስ በራሴ እጅ ጻፍኩት። ጓድ ጆቴ እንዳለው አላረቀቅሁትም። ናይለኑን የወሰድኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የት እንዳዋልኩት፣ አንቺ አንዲት ክር እንዳልነካሽ ጻፍኩና ፈረምኩ። አንዱን ቅጂ በአደራ ፖስታ ላክሁት፤ ሌላውን ከሁለቱ ከረጢቶች ጋር ጓድ ጆቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አንብቦ ሲጨርስ «አብደሻል እንዴ? ያለቀ ነገር እኮ ነው!» አለኝ። «ለኔ አላለቀም» አልኩት። ለነገ ስምንት ሰዓት ስብሰባ ጠርቷል።

ለመሥሪያ ቤቶቹ የሚሆነው ይኸው ነው። ላንቺ ግን ሌላ አለኝ። ይህን አንቺም አታውቂውም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አንቺ በታሰርሽ በሦስተኛው ወር እማማ ውዴ ሲደክሙ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እንደ ወትሯቸው በኦሮምኛ «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ»፣ እንዴት ነሽ ልጄ፣ አሉኝ። አጥሚት አጠጣኋቸው። ከዚያ እጄን ይዘው «ጉዲቱ፣ አንቺ ጓደኛዋ ነሽ፣ ታውቂያለሽ። የሺ እውነት ሰርቃ ነው?» አሉኝ።

ከእኔና ከእሳቸው በቀር በቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ካድሬ የለም፣ አማት የለም። አልሰረቀችም ብል ማን ይሰማኝ ነበር? እኔ ግን «እኔ እንጃ፣ እማማ» አልኳቸው።

እጄን ለቀቁኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሦስተኛው ቀን አረፉ። ቀብሩ ላይ ደረቴን እየደቃሁ ሳለቅስ ሰዉ «ከሥጋ ዘመድ በለጠች» እያለ ይመርቀኝ ነበር።

የሺዬ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። አንቺ ሳልጠይቅሽ ይቅር የምትይ ሰው ነሽ፣ ያንን ይቅርታ ሦስት ዓመት በልቼዋለሁ። አሁን ተቆጪኝ። ርገሚኝ። በሰው ፊት አዋርጂኝ። ሥራውን ግን በኔ የተነሳ እንዳትተዪው፤ ከአዳሚ ቱሉ ሲጠሩሽ ሂጂ። እኔ ነገ የሚሉኝን እሰማለሁ፣ የሚያደርጉኝንም እቀበላለሁ። ከተመለስኩ የእማማ ውዴ መቃብር ሄጄ ጥያቄያቸውን እመልሳለሁ። እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ።

ጉዲቱ